አውራ ጎዳናው ካለፈ በኋላ

(ለመካነ ሰላም ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ ስለ መንገድ ልናገር ቆሜያለሁ። መንገድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በጉጉፍቱ ብርድ፣ በአቀስታ በኩል ከደሴ የሚመጣውን፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ ወደ ግንደወይን የሚያወጣውን ነው። እሱን መንገድ አከብራለሁ፤ የብዙ ሰው ጸሎትና ልፋት ነበር። የዛሬው ነገሬ ግን ከእሱ ጎን ስላለው ነው፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከደጃፍ ወደ ገበያ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ስለሚያደርሰው መንገድ።

ከተማ ከሩቅ ከተማ ጋር በመያያዙ ብቻ ተገናኘ አይባልም። ተገናኘ የሚባለው ሰፈሮቹ እርስ በርስ ሲገናኙና በእግሩ የሚሄደው ሰው ሳይፈራ፣ ሳይንገላታ ያሰበበት ሲደርስ ነው። አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ያሉት ለመንገድም ይሠራል። ስለዚህ በዚህ ንግግሬ አንዲት ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃለሁ፦ መንገዱ የሚሠራው ለማን ነው?

ይህ ደጋ መንገድን በእጁ ሲጠርብ የኖረ አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ በጋፋት ያሠሩትን ትልቁን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ይዘው ነበር። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። የሚያሳልፈው መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየፈነቀለ፣ ድንጋይ እየደረደረ፣ መድፉን እየጎተተ እስከ መጋቢት ተጓዘ፤ ስድስት ወር ያህል ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ እንደነበር በዘመኑ አብረዋቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። መድፉ ደረሰ፤ እስከ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ያን መንገድ ለማን ሠሩት ብትሉ መልሱ ለመድፍ ነው። ትጋቱ ያስደንቃል፤ ገበሬው ግን ገበያ የሚወጣው በድሮው የበቅሎ መንገድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጣሊያን ወራሪ ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና አሻሽሎ ሠራ። እሱም የተሠራው ለጦር መኪና ነው። ያ ጎዳና ለወሎ ሰው ምን እንደሆነ በግልጽ የታየው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ነው። ከየመንደሩ የተነሣው ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደዚያው አውራ ጎዳና ዳር ወጣ። መኪና የሚያልፈው በዚያ ነበርና፣ የሚያየው ሰው የሚያገኘው በዚያ ነበርና። ከመንገድ የራቀው መንደር ሞቱን የሚያይለት አልነበረም፤ እህል የሚያደርስለትም አልነበረም። እኛ ወሎዎች መንገድ የሕይወትና የሞት ነገር መሆኑን ከመጽሐፍ አልተማርነውም።

አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርታለች። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ተቋቁሞ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተሠራው መንገድ እንዲጠገን ተደነገገ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀመረ። ቀድሞ በሽተኛን ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ተሰብስቦ በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል ወርዶ ገደል ሲወጣ ይውልበት የነበረው መንደር ዛሬ አምቡላንስ የሚደርስበት ሆኗል። በየቦታው ግን አይደለም፤ ቃሬዛው አሁንም በየጎጡ ሥራውን አላቆመም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ከተማችን እንመልከት። አውራ ጎዳናው መካነ ሰላም ደረሰ፤ አለፈም። ከተማዋም ሆስፒታል አላት፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለባት፣ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከለላና ከአማራ ሳይንት የሚመጣ ሰው መገናኛ ናት። ከዋናው መንገድ ላይ ወርዳችሁ ወደ ሰፈር ስትገቡ ግን ጥያቄዬ ይመለሳል። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይዞ የሚያስቀር፣ ቦዩ ክዳን የሌለው፣ ጨለማ ሲሆን ሴት ልጅ ብቻዋን የማትደፍረው መንገድ ለማን የተሠራ ነው?

በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመው የተሳሳቱም የተሳካላቸውም ከተሞች አሉ። ከሁለቱም እንማር።

አዲስ አበባ በ1990ዎቹ የቀለበት መንገድ ሠራች። መኪና በፍጥነት እንዲሄድ መሀሉ በኮንክሪት ግንብ ተከለለ። ውጤቱን አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትናንት ቡና የሚጠራሩ ሰፈሮች በአንድ ቀን ማዶ ለማዶ ሆኑ። ጉልበት ያለው ግንቡን ዘልሎ ይሻገራል፣ አንዳንዱም በመኪና ይገጫል። ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ ረጅሙን የመሸጋገሪያ ድልድይ ደረጃ መውጣት ግድ ሆነባቸው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጥቶበታል። ብዙ ሠራተኛና ተማሪ በርካሽ ዋጋ አመላልሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም መሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ለየ፤ መለዋወጫ ሲጠፋም ብዙዎቹ ባቡሮች ቆሙ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሩቁን የሚያገናኝ ሥራ ቅርቡን እንዳይለያይ በንድፉ ላይ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የጥገና ገንዘብ ያልተያዘለት ትራንስፖርትም በምረቃው ዕለት መሞት ይጀምራል።

መልካሙም አለ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ የሚጫወቱባቸው፣ አረጋውያን በእግራቸው የሚንሸራሸሩባቸው ሆኑ። በለገሃር መስቀለኛ መንገድ የእግረኛው ማሻገሪያ እንዲያጥር የመንገዱ ጥግ በቀለምና በመከለያ ተስተካከለ። ለዚህ ያስፈለገው ቀለም፣ መከለያና ቆራጥ ውሳኔ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ እዚያ እንዲህ ከሆነ እዚህ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብዳችሁም። በእግሩ የሚሄደው ሰው የመንገዱ ዋና ባለቤት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አምጥቷል፤ ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለዚያ ሲባል ስንት ዓመት አብሮ የኖረ ጎረቤት፣ ዕድሩና ማኅበሩ ተበትኖ በየዳርቻው ሲቀር አዝናለሁ። ሰፈርን ለማገናኘት የሚሠራ መንገድ ሰፈሩን መበተን የለበትም። ትንሽ ከተማ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት፤ ገና ስላልተጣበበች ማንንም ሳታፈናቅል መንገዷን ማስተካከል ትችላለች።

ደሴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከጦሳ ሥር በጠባብ ሸለቆ ተኝታ በአንድ ዋና መንገድ ዙሪያ ነው ያደገችው። ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ሁሉም ሰውና ሁሉም መኪና በዚያው ያልፋል። አንድ የጭነት መኪና ከተበላሸ ከተማው ይታነቃል። ዳገቱ ላይ ያሉት ሰፈሮች ቁልቁል ወርደው ዋናውን መንገድ ካልረገጡ ጎን ለጎን መገናኘት ይቸግራቸዋል። መካነ ሰላምም በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ብቻ ከረዘመች የደሴ ችግር ይጠብቃታል። ከደሴ የሚለየን መሬቱ ነው፤ እኛ ያለነው ሜዳ ባለው አምባ ላይ ነው፤ የጎን መንገድ ለመክፈት ተራራ አያግደንም።

ተራራ የሚያግደው እንኳ መላ አግኝቷል። በኮሎምቢያ ሜደሊን የምትባል ከተማ አለች። ድሆቹ ተራራው ወገብ ላይ፣ ሥራው ሸለቆው ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ከተማዋ በገመድ ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ዘርግታ የተራራውን ሰፈሮች ከዋናው ባቡር ጋር አገናኘች። ከጣቢያዎቹ ዙሪያም ደረጃ፣ አደባባይ፣ ቤተ መጻሕፍት ሠራች። ለእኛ ገመድ አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የሜደሊን ሹሞች የጀመሩበት አስተሳሰብ ነው፦ ሥራውን ከማእከሉ ሳይሆን በጣም ከተቸገረው ሰፈር ጀመሩ።

እንግዲህ ለመካነ ሰላም የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

መጀመሪያ ውሃው። የመንገድ ጠላት ውሃ ነው። የእኛ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የፈሰሰው ጠጠር በሁለት ክረምት ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ከጠጠሩ በፊት ቦዩ ይቀድማል። ቦዩ ሲሠራም ክዳን ይደረግለት። ክዳን ያለው ቦይ ራሱ የእግረኛ መንገድ ይሆናል፤ ክዳን የሌለው ቦይ ሕፃን፣ ዓይነ ስውር፣ ማታ የሚሄድ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ያ ስምምነት ቃሉን የሚጠብቀው በእንደዚህ ያለ ቦይ ክዳን ነው።

ሁለተኛ የእግረኛው መንገድ። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ ሻንጣም ሸክምም የያዙ ሁለት ሰዎች የሚተላለፉበት፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ከየትምህርት ቤቱ ወደ የሰፈሩ ሳይቋረጥ ይሂድ። ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ከዚህ መንገድ የሚባረሩ ሳይሆኑ ቦታ የሚሰጣቸው ይሁኑ፤ የእነሱ መኖር መንገዱን ሰው ያለበት፣ የማያስፈራ ያደርገዋል። በገበያ ቀን አህያ የሚታሠርበትና ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ለብቻው ይከለል። መብራት ከአደባባዩ በፊት ሴት ተማሪዎች ማታ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ይተከል።

ሦስተኛ ፍጥነት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። የተሽከርካሪ አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ በጨመረ ቁጥር የሞት አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል። የረጅም ርቀት አውቶቡስና የጭነት መኪና ዓባይን አቋርጦ በመጣበት ፍጥነት ከተማችንን እንዳያልፍ በትምህርት ቤት፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን፣ በሆስፒታልና በገበያ አጠገብ ከፍ ያለ ማሻገሪያ ይሠራ፤ ፍጥነቱም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሁን። አሽከርካሪው ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ምንም አይጎዳም፤ አንድ ልጅ ግን በሕይወት ይተርፋል።

አራተኛ ባጃጅ። ባጃጅ የትንሽ ከተማ ሕዝብ ማመላለሻ ነው፤ ወጣቱንም ከሥራ አጥነት አውጥቷል። ግን ዛሬ ባጃጅ የሚሰበሰበው ሰው ከበዛበት ነው፤ ዳር ያለው ሰፈር ኮንትራት ካልከፈለ አይደርስለትም። የኮንትራት ዋጋ ደግሞ ለድሃ አይቀመስም። ስለዚህ የባጃጅ ማኅበራትና የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ተቀምጠው የስምሪት መስመር ይሥሩ። አንዱ መስመር መናኸሪያን፣ ገበያንና ሆስፒታልን የሚያዞር ይሁን፤ ሌሎቹ ከዳር ሰፈሮች የሚነሡ። ታሪፉ በየመቆሚያው ተጽፎ ይሰቀል። በየሌሊቱ በተራ የሚያድሩ ጥቂት ባጃጆች ይመደቡ፤ ስልካቸው በየቅሬው ይታወቅ፤ ምጥ የያዛት ሴት ጎረቤት እስኪነቃ መጠበቅ የለባትም። ወደ ዳር ሰፈር ለሚሰማራ ባጃጅ ከተማው የአገልግሎት ክፍያ ቢቀንስለት ወይም የጥገና ቦታ ቢሰጠው ሾፌሩም አይከስርም። ሾፌር ወንድሞቼ፣ ሸክሙን በእናንተ ጫንቃ ብቻ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ መንገዱ ካልተስተካከለ ጎማችሁ እየተበላ ታሪፍ አክብሩ ማለት አይቻልም።

አምስተኛ የወደፊቱ መሬት። በኢትዮጵያ የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲሆን ይመከራል። የተባበሩት መንግሥታት የሰው ልጆች መኖሪያ ፕሮግራምም (ዩኤን ሃቢታት) በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ይኑር ይላል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ቤት ከመሠራቱ በፊት ነው። መሬቱ ባዶ ሳለ ችካል መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ቤት ከቆመበት በኋላ ካሳና ክርክር፣ እንባም አለበት። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ፕላኑን ጠይቁ፤ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ መንገዱ የት እንደሚያልፍ አርሶ አደሩም ነዋሪውም ይወቅ። ለመንገድ የተተወ መሬት በማንም እንዳይሸነሸን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

«ገንዘቡስ ከየት?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በድሬዳዋ፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ መልስ አለው። ጌጠኛ ድንጋይ ከውጭ የሚመጣ ሬንጅ አይፈልግም፤ ከባድ ማሽን አይፈልግም። የሚፈልገው ጥቁር ድንጋይ፣ መዶሻና የሠለጠነ እጅ ነው። ይህ ደጋ ከዳር እስከ ዳር የቆመው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ሲበላሽ የተበላሸውን ብቻ አንሥቶ መመለስ ይቻላል። ድንጋዩን የሚጠርበው ወጣት ደመወዝ ያገኛል፤ ደመወዙም እዚሁ ገበያ ይውላል። ነዋሪው በየበራፉ እያዋጣ፣ አስተዳደሩ ድርሻውን እየጨመረ መሥራት በብዙ ከተሞች ተለምዷል። ወሎ ደግሞ ለመተባበር አዲስ አይደለም፤ ጅጌ የሚወጣ፣ ቀብርን በቅሬ የሚሸኝ፣ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ዱአ ዝናብ የሚለምን ሕዝብ ነው። ያ ትብብር ከአስተዳደሩ ጋር በግልጽ ሒሳብ ይያያዝ፤ የተዋጣው ብርና የተሠራው ሜትር በየወሩ በአደባባይ ይነበብ። ሕዝብ የሚደክመው መስጠት በዝቶበት አይደለም፤ የሰጠው የት እንደገባ ሲያጣ ነው።

ከተማችን ያለ ዙሪያዋ ከተማ አትሆንም። የአማራ ሳይንቱ፣ የከለላው፣ የወግዲው ሰው ለሕክምናና ለጉዳይ ሲመጣ ጠዋት የሚገባበትና ማታ የሚመለስበት መኪና ሰዓቱን ካላወቀ ሌሊቱን በሰው ቤት ወይም በመናኸሪያ ያድራል። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ነፍስን መወራረድ ነው። ስለዚህ ወረዳዎቹ ተስማምተው ቢያንስ በየገበያ ቀኑ የተወሰነ ሰዓት ያለው፣ ትርፍ የማይጭን፣ ሄዶ የሚመለስ መኪና ያሰማሩ። መናኸሪያው ደግሞ መጸዳጃ፣ ውሃና ጥላ ይኑረው፤ የከተማ በር የሚታየው በመናኸሪያዋ ነው።

ከሁሉም በላይ የማይታለፍ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት መንገድን በተደጋጋሚ ዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚታጣው መድኃኒት ነው፤ ቀጥሎ ማዳበሪያ፣ ቀጥሎ ተስፋ። በወሎ አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች ባላንጣ ያስታርቃሉ፣ ደም ያደርቃሉ። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ በሽተኛ የሚያልፍበትንና ምግብ የሚገባበትን መንገድ እንዳይዘጋ ሽማግሌዎቻችን ቃላቸውን ከፍ አድርገው እንዲናገሩ እለምናለሁ። ሰላም የሌለው መንገድ የትም አያደርስም።

ወገኖቼ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ለአንድ መድፍ ስድስት ወር ገደል ፈንቅሏል። እኛ ደግሞ ለልጆቻችን፣ ለእናቶቻችን፣ ለአረጋውያኖቻችን ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያደርስ ሁለት ሜትር የእግር መንገድ መሥራት አያቅተንም። ከዚህ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። በሰፈራችሁ ቅሬ ላይ ተቀምጣችሁ በእግር ለመሄድ ከሁሉ የሚያስቸግረውን አንድ ቦታ ምረጡ፤ ስሙን ጽፋችሁ ለከተማው አስተዳደር ስጡ፤ እስኪሠራም ድረስ አትተዉት። አስተዳደሩም ከየሰፈሩ የመጣውን ዝርዝር የመጀመሪያ ሥራው ያድርገው።